ሰባ አንደኛዋ መላሽ

ኤሚሊያ ዛሃሪቭና ከወረቀቱ ክምር መሐል አንዱን መዝዘው ወደ ዓይናቸው ሲያስጠጉ፣ ሚሮስላቫ ቁጥሩን ከተቀመጠችበት አየችው። ሰባ አንድ ይላል። በአረንጓዴ እስክሪብቶ የጻፈችው እሷው ናት።

«ይህችን ስሙልኝ» አሉ መምህሯ። «ሴት፤ ዕድሜ ሃምሳ ሁለት፤ ትምህርት ሁለተኛ ደረጃ፤ ሥራ ወተት መረከቢያ፤ ባሏ የሞተባት።»

ፋሲካ ካለፈ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ አብዛኞቹ ከየቤታቸው ይዘውት የመጡትን የፋሲካ ዳቦ ገና በልተው አልጨረሱም፤ አንዳንዱ በክፍል ውስጥም በድብቅ ይቆርሳል። ትምህርቱ ሳይኮሊንጉስቲክስ ይባላል። የዩክሬንኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች አራተኛ ዓመት ላይ ይወስዱታል። ሌሎቹ ትምህርቶች ቃል ከየት መጣ፣ እንዴት ይረባል እያሉ ይጠይቃሉ፤ ይህኛው ግን ቃሉ ሰው ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚነካ ነው የሚጠይቀው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ሠላሳ ቃል የተጻፈበት ወረቀት ለመላሹ ይሰጣል፤ መላሹም ሳያስብ፣ ሳይሰርዝ፣ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን መጀመሪያ የመጣለትን ይጽፋል። ስም አይጠየቅም። ጾታ፣ ዕድሜ፣ ትምህርት፣ ሥራና የትዳር ሁኔታ ብቻ። መቶ ወረቀት ሲሞላ መልሶቹ ይቆጠራሉ፤ ብዙ ሰው የጻፈው ከላይ ይሰፍራል፣ አንድ ሰው ብቻ የጻፈው ከታች።

የሚሮስላቫ ሥራ «የቤት ቃላት በገጠር ሰው አእምሮ» የሚል ነው። ከመቶ ወረቀቶቿ ሠላሳ ሰባቱን የሞላችው ራሷ እንደሆነች ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

«'በር' አልናት» ብለው ቀጠሉ ኤሚሊያ ዛሃሪቭና፤ «'እኔው ነኝ' አለች። 'ቁልፍ' ስንላት 'ለማን'። 'ማንኪያ' ስንላት 'አንድ'። 'ጨው'፣ 'በዛ'። 'እሁድ'፣ 'ረጅም'።» ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። «'ሬዲዮ'፣ 'ይናገር'። 'አልጋ'፣ 'ግድግዳ'።»

«ግድግዳ?» አለ ኦስታፕ ከኋላ። «አልጋዋን ግድግዳ ሥር ዘርግታው ይሆናላ።»

«ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትተኛው፣ ኦስታፕ» አሉ መምህሯ ድምፃቸውን ሳይለውጡ። «በሌላው በኩል ማንም የለማ።»

ኦስታፕ አንገቱን ደፋ። የሚሮስላቫ ጆሮዎች መቃጠል ጀመሩ፤ ፀጉሯን ፈትታ ሸፈነቻቸው።

«ይህን ሥራ ሠላሳ ዓመት ሠርቼዋለሁ» አሉ ኤሚሊያ ዛሃሪቭና። «ማንኪያ ሲሉት ሰው ሁሉ ሹካ ይላል። 'አንድ' ያለኝ ሰው የለም። ሚሮስላቫ፣ የሚቀጥለው ሐሙስ የተማሪዎች ጥናት ጉባኤ ላይ ንግግርሽን በዚህች ሴት ትጀምሪዋለሽ። ማክሰኞ ወደ ማተሚያ ቤት በሚሄደው መጽሔት ላይም ወረቀቷ ሙሉውን ይወጣል።»

መጽሔቱ በየወረዳው ቤተ መጻሕፍትና በየመንደሩ ትምህርት ቤት ይታደላል። ሚሮስላቫ ይህን ታውቃለች። በዚያው ዓመት ለማስተርስ በመንግሥት ወጪ የሚማር አንድ ሰው ብቻ እንደሚመረጥ፣ የድጋፍ ደብዳቤውንም የሚጽፉት ኤሚሊያ ዛሃሪቭና እንደሆኑ ታውቃለች። እስከዚያ ዕለት ድረስ የምታስበው ስለዚያ ደብዳቤ ብቻ ነበር።

ሲወጡ የዶርም ጓደኛዋ ኡልያና ክንዷን ያዘቻት።

«ስሚ፣ አንቺ እነዚህን ሰዎች ከየት ነው የምታመጫቸው? የእኔ መላሾች ግማሾቹ ስድብ ጻፉልኝ። አንዱማ ለሠላሳውም ቃል 'ቢራ' ብሎ መለሰልኝ። የአንቺዎቹ ሁሉም ባለቅኔ! አንድ ባዶ ቦታ የተወ እንኳ የለም።»

«ጥሩ ሰዎች ናቸው።»

«እንግዲያው ከዚያ መንደር ባል ፈልጊልኝ። የማይጽፍም ቢሆን ግድ የለኝም።»

«ሚሮስላቫ፣ አንዴ ቆዪ» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ኡልያና በዓይኗ ጠቅሳት ሄደች።

ኤሚሊያ ዛሃሪቭና ብቻቸውን ነበሩ። ባለፈው መከር ባላቸው ሲሞቱ አንድ ሳምንት ቀርተው፣ በስምንተኛው ቀን ጥቁር ሻርፕ አድርገው ገብተው፣ ትምህርቱን ካቆሙበት ዓረፍተ ነገር ነበር የቀጠሉት። ስለዚያ ሳምንት ከዚያ በኋላ አንስተው አያውቁም፤ የጠየቃቸውም የለም።

«ስሟን አልጠይቅሽም» አሉ። «ደንቡን ያስተማርኳችሁ እኔው ነኝ። ግን ታውቂያታለሽ?»

«በመልክ አውቃታለሁ፣ ኤሚሊያ ዛሃሪቭና።»

«ሙታን ለሚታሰቡበት ለመቃብር እሁድ ወደ መንደርሽ ትሄጃለሽ አይደል?» ቀድሞም የተስተካከሉትን ወረቀቶች እንደገና አስተካከሉ። «ምናልባት ካገኘሻት፣ ሬዲዮውን... አንዲት ሴት እኔም አላጠፋውም ብላለች በያት። ሌላ ምንም አትጨምሪበት።»

«እሺ። እነግራታለሁ።»

ከተናገረችው ውሸት ሁሉ ይህኛው ነው የከበዳት። ሠላሳ ሰባቱን ወረቀት ስትሞላ የዋሸችው ለቁጥር ነበር፤ አሁን የዋሸችው ሰውን ነው። መታጠቢያ ቤት ገብታ ቀዝቃዛ ውኃ ፊቷ ላይ ረጨች። መስታወቱን ግን ቀና ብላ አላየችውም።

ነገሩ የተጀመረው በገና ዕረፍት ነበር። መንደሯ ወረቀት ይዛ ሄዳ አሥራ አራት ሰው አስሞላች። በአሥራ አራተኛው ቤት፣ ወሬ የማያመልጣት የአክስት ኪሊና ባል «የራይሳ ልጅ ጭንቅላታችንን ልትመረምር መጣች! ማን ጤነኛ እንደሆነ አሁን ይታወቃል!» ብሎ በአጥሩ ላይ ሲጮህ ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ። ነውር የለውም፣ ቀልድ ነበር። እሷ ግን ደብተሯን ዘግታ ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከዚያ በኋላም በር አላንኳኳችም። ከተማ ስትመለስ የሚኒባስ ወረፋ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ከመንደር ከመጡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች እየለመነች ስልሳ ሦስት አደረሰችው። እዚያ ላይ ቆመ።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ኡልያና ወደ ቤቷ በሄደችበት ቀን፣ ሰባት ዓይነት እስክሪብቶ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደረች። ለወንዶቹ ጠንከር አድርጋ እየጫነች ጻፈች፤ ለሽማግሌዎቹ በግራ እጇ። አንዱን ወረቀት ኪስ ውስጥ የቆየ እንዲመስል አራት ላይ አጠፈችው፤ አንዱ ላይ የሱፍ ዘይት አንጠበጠበች። መጀመሪያ ላይ ያስቃት ነበር። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሹፌር ሆነች፤ ጡረታ የወጣ የደን ጠባቂ ሆነች፤ ሦስት ልጆች ያሏት አስተማሪ ሆነች። ሰባ አንደኛው ላይ ስትደርስ ደከማት። የምትፈጥረው ሰው ጠፋባት። ዕድሜ በሚለው ቦታ ላይ ሃምሳ ሁለት ጻፈች፤ ከዚያ በኋላ እጇ ብቻውን ሄደ። ከሠላሳ ሰባቱ መሐል ሳታስብና ሳትሰርዝ፣ ልክ ደንቡ እንደሚለው የሞላችው ያንን ወረቀት ብቻ ነበር። ሃምሳ ሁለት የእናቷ ዕድሜ ነው።

አባቷ አርካዲ ከሁለት ዓመት በፊት በጸደይ፣ እርሻ መሐል፣ ትራክተሩ እንደተነሣ ልቡ ቆሞ ሞተ። እናቷ ራይሳ በቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። መንደሩ ይህን አልረሳውም። ራይሳ ግን በማግስቱ ወተት መረከቢያው ገብታ ሥራዋን ቀጠለች፤ ሰው ሲያጽናናት «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ባልዲውን ትቀበላለች፤ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። በዚያው በገና ዕረፍት፣ ለእንጨት ቁጠባ አንዱን ክፍል ብቻ አሙቀው እናትና ልጅ አብረው ይተኙ ነበር። አንድ ጠዋት ራይሳ ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣ «ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የምተኛው አሁን። ወደዚያ ከዞርኩ አልጋው ይሰፋብኛል» አለች። ቀጥላም «ለኪሊና እንዳትነግሪ» አለች። በሁለት ዓመት ውስጥ የተናገረችው ይህን ብቻ ነው። ሬዲዮውን፣ ጨው የሚበዛበትን ሾርባ፣ ጠረጴዛው ጥግ ላይ የምትቀመጠውን አንዲት ማንኪያ ሚሮስላቫ ያየችው በዓይኗ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በሚኒባስ መንደር ገባች። ሐሳቧ ሁሉ ተዘጋጅቶላታል። ባዶ መጠይቅ ይዛለች። እናቷ በእጇ ትሞላዋለች፤ እሷም የሐሰቱን አውጥታ እውነተኛውን በቦታው ታስገባለች። ያኔ ሰባ አንደኛዋ እውነተኛ ሰው ትሆናለች፤ ለኤሚሊያ ዛሃሪቭናም የተዋሸው ውሸት ወደ ኋላ ተመልሶ እውነት ይሆናል። መንገዱን ሁሉ ይህን ስታስብ ነው የመጣችው፤ ከዚህ የሚሻል ሐሳብም አልመጣላትም።

እሁድ መቃብር ቦታው በሰው ሞላ። በየመቃብሩ አጠገብ ባለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ቀይ እንቁላል፣ የፋሲካ ዳቦ፣ በጎመን ቅጠል የተጠቀለለ ሥጋና ሩዝ፣ ለሞተውም ለቆመውም የሚቀዳ ቮድካ ተደርድሯል። ራይሳ የአርካዲን አጥር በሳምንቱ ውስጥ ሰማያዊ ቀብታው ነበር፤ ገና አልደረቀምና ማንም እንዳይደገፍ ቆማ ትጠብቃለች።

«ራይሳ፣ ዛሬም አታለቅሺም?» አለች አክስት ኪሊና ሦስት መቃብር ርቃ፣ ዓይኗን በመሐረብ እየጠረገች። «ምነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንዲት ዘለላ! አርካዲ ምን ይልሻል?»

«አንቺ ለሁለታችንም ታለቅሺያለሽ።»

«እኔማ ሆደ ቡቡ ነኝ፤ ምን ላድርግ!»

«ሆድሽንማ እያየሁት ነው። በይ ያን ጥቅል ጎመን ሳትጨርሺው አሳልፊልኝ።»

ሰው ሳቀ፤ ኪሊናም ከእንባዋ ጋር ሳቀች። ጥቅሉን ስታቀብል ሚሮስላቫን አየቻትና በቁልምጫ ስሟ ጠራቻት።

«ስላቭካ! ያንን የጭንቅላት ምርመራሽን ዛሬም ይዘሽ መጣሽ? ለገና 'አጥር' ብትዪኝ 'የጎረቤት ዶሮ' ብዬሽ ነበር። ስንት ማርክ ሰጡኝ?»

«አንደኛ ወጣሽ፣ አክስት ኪሊና።»

«አየሽ ራይሳ? አንደኛ! ልጄ የሰው ልጅ ስታስተምር እናቷን አታዳምጥም፤ የሚያዳምጠኝ ዩኒቨርሲቲው ነው።»

ሚሮስላቫ እንቁላል እየላጠች ነበር። የኪሊና ልጅ የመንደሩ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። መጽሔቱ በመጀመሪያ የሚደርሰው እሷ እጅ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብተው፣ ራይሳ የበዓል ሻርፗን ፈትታ አጣጥፋ ስትቀመጥ፣ ሚሮስላቫ ወረቀቱን ፊቷ አኖረችው።

«እማዬ፣ ይህን ትሞዪልኛለሽ?»

«ለገና መንደሩን ሁሉ ስታዞሪው ለእኔ አልሰጠሽኝም።»

«ሥራ ላይ ነበርሽ።»

«ሥራ ላይ ነበርኩ» አለች እናቷ። «መነጽሬን አቀብዪኝ።»

አራት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም። የወተት መዝገብ እንደምትሞላ ቀጥ ባለ ጽሕፈት ከላይ እስከ ታች ሞልታ መለሰችላት። በር፣ መስኮት። ቁልፍ፣ በር። ማንኪያ፣ ሹካ። ጨው፣ በርበሬ። እሁድ፣ ሰኞ። ሬዲዮ፣ ዜና። አልጋ፣ ትራስ።

ሚሮስላቫ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ምነው? ተሳሳትኩ?»

«ስሕተት የሚባል ነገር የለውም።»

«ታዲያ ምን አፈጠጥሽበት?»

«እሁድ ሲባል መጀመሪያ የመጣልሽ ሰኞ ነው?»

እናቷ መነጽሯን አውልቃ አጠፈችው።

«ይህን ማነው የሚያነበው?»

«መምህራን። ከዚያም ይታተማል።»

«እንግዲያው ለእነሱ ይህ ይበቃቸዋል» አለች ራይሳ።

ሚሮስላቫ ወረቀቱን ይዛ ቀረች። ሐሳቧ ሁሉ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይፈርሳል ብላ አልገመተችም። እናቷን ጠየቀቻት፤ መልሷም ይኸው ነው። እናቷ ሳትጠየቅ፣ ድንች እየላጠች የነገረቻት ግን ሌላ ነው።

«እማዬ» አለች። «እኔ በአንቺ ፈንታ ሞልቼዋለሁ። ስም የለውም። በመጋቢት ሰው ጎደለኝና... በአንቺ ፈንታ።»

«ምን ብለሽ?»

መናገር ነበረባት። አንድ በአንድ ተናገረች፤ በሩን፣ ቁልፉን፣ ማንኪያውን፣ ጨውን፣ እሁድን፣ ሬዲዮውን። እዚያ ላይ አቆመች።

«አልጋስ?» አለች እናቷ።

«ግድግዳ።»

ከራይሳ አንገት የጀመረ ቅላት እየወጣ ጉንጯን፣ ከዚያም ግንባሯን ሸፈነው። ሚሮስላቫ እናቷ ስትቆጣ አይታለች፣ ስትታመም አይታለች፤ ስታፍር ግን ከዚያ ቀን በፊት አይታት አታውቅም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብትረሳ እንኳ ያን ፊት አትረሳውም።

«ተነበበ?»

«ረቡዕ። ክፍል ውስጥ።»

«ስንት ሰው ነበረ?»

«አሥራ አንድ። ከመምህሯ ጋር አሥራ ሁለት።»

«አሥራ ሁለት። የእኛ ወረዳ ሰው ነበረበት?»

«ኡልያና አለች።»

«ወተት መረከቢያ ብለሽ ጽፈሻል?»

«አዎ።»

«ባሏ የሞተባት ብለሽ?»

«አዎ።»

«በወረዳው ውስጥ ወተት እየተረከበች ባሏ የሞተባት፣ ዕድሜዋ ሃምሳ ሁለት የሆነ፣ ከእኔ ሌላ ማን አለች ስላቭካ?»

ሚሮስላቫ የያዘችውን ወረቀት ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ለኪሊና እንዳትነግሪ አልኩሽ» አለች ራይሳ ቀስ ብላ። «ለዩኒቨርሲቲው ንገሪ አላልኩሽም።»

«መምህሯ አላሾፉም እማዬ። እንዲያውም መልእክት ላኩብሽ። ማን እንደሆንሽ አያውቁም። እኔም ሬዲዮውን አላጠፋውም በያት አሉኝ።»

እናቷ መስኮቱን ታይ ነበር፤ ዘወር አለች።

«ባላቸው ሞተዋል?»

«በመከር።»

«አይ፣ ምስኪን» አለች ራይሳ። ለጥቂት ጊዜ ፊቷ ላላ። ከዚያ እንደገና ተዘጋ። «ወረቀቱ አሁን የት ነው?»

«እሳቸው ጋ ነው።»

«አምጪልኝ።»

«እማዬ፣ አውጥቼ ብወስደው ለምን ይሉኛል። ሠላሳ ሰባቱም ይወጣል። ማስተርሱ ይቀራል፤ የድጋፍ ደብዳቤው...» አለችና ቃሉን ሳትጨርሰው አፈረችበት።

«እሱን አንቺ ታውቂያለሽ» አለች እናቷ። ተነሥታ የዶሮዎቹን እህል በጣሳ ቀዳች። በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። «ማን ናት ቢሉሽ፣ የለችም በይ። እንደ እኔ ያለች ሴት የለችም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ሰኞ ማለዳ ራይሳ እንደ ሁልጊዜው እንቁላል፣ የተቀመመ ዱባና አንድ ማሰሮ እርጎ በከረጢት አድርጋ ሰጠቻት። ሚኒባሱ ሲነሣ ግን እንደ ወትሮዋ እጇን አላወዛወዘችም፤ ቆማ ብቻ አየች።

ኤሚሊያ ዛሃሪቭና በትምህርት ክፍሉ ቢሮ ውስጥ መጽሔቱን እያረሙ ነበር። የሚሮስላቫ ጽሑፍ ከላይ ነው፤ ሰባ አንደኛው ወረቀት በወረቀት መያዣ ተያይዞበታል።

«ግቢ፣ ግቢ። ጥሩ ሰዓት መጣሽ፤ ሠንጠረዥሽ ላይ አንድ ነገር...»

«ኤሚሊያ ዛሃሪቭና፣ ከስልሳ አራት እስከ መቶ ያለውን የሞላሁት እኔ ነኝ።»

መምህሯ እስክሪብቷቸውን አልጣሉም። ክዳኑን ፈልገው ገጠሙት።

«እንደገና በዪው።»

«ከስልሳ አራት እስከ መቶ። ሠላሳ ሰባት ወረቀት። አንድ እሁድ ቁጭ ብዬ ፈጠርኳቸው። ሰዎቹ የሉም።»

«ሹፌሩም?»

«የለም።»

«የደን ጠባቂውም?»

«የለም።»

ኮሪደሩ ላይ ተማሪዎች እየሳቁ አለፉ። ሚሮስላቫ የወለሉን ጣውላ ትቆጥር ነበር፤ በእሳቸውና በእሷ መሐል ሰባት ጣውላ አለ።

«ሰባ አንደኛዋም?» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው የአስተማሪ ድምፅ አልነበረም።

ሚሮስላቫ መንገዱን ሁሉ የተዘጋጀችው ለዚህ ጥያቄ ነበር። ሲመጣ ግን ምንም እንዳልተዘጋጀች ሆነባት። ሴትየዋ በእርግጥ አለች ብትል፣ የራሷ ኃጢአት በግማሽ ይቀል ነበር፤ እኚህም ሴትዮ እንዲህ አንገታቸውን ደፍተው አይቀሩም ነበር።

«እሷም የለችም» አለች።

«እንዲህ ያለ ነገር ከጭንቅላት አይፈጠርም።»

«ፈጠርኩት።»

«መልእክት ልኬብሽ ነበር።»

«ለማንም አልደረሰም፣ ኤሚሊያ ዛሃሪቭና። የሚደርሰው ሰው አልነበረም።»

መምህሯ ወደ መስኮቱ ዞሩ። አንገታቸው ላይ ያለውን ጥቁር ሻርፕ ፈትተው እንደገና አሰሩት። ሲመለሱ ፊታቸው እንደ ቀድሞው ነበር፤ ዓይናቸው ብቻ ወደ ሚሮስላቫ አልመጣም። ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው፣ መታለላቸውን ከተማሪያቸው አፍ ሲሰሙ ምን ያህል ያፍራሉ? ሚሮስላቫ ይህን የሚለካ መጠይቅ የለም ብላ አሰበች፤ እንዲህ ማሰቧም ራሱ አሳፈራት።

«ጽሑፉ ከመጽሔቱ ተሰርዟል» አሉ ኤሚሊያ ዛሃሪቭና። ቀይ መስመር ከዳር እስከ ዳር ጎተቱበት። «የድጋፍ ደብዳቤውን አልጽፍም። ሐሙስ ግን ጉባኤው ላይ ትቀርቢያለሽ። መድረክ ላይ ወጥተሽ ስልሳ ሦስት መላሽ ብቻ እንዳለሽ፣ ሠላሳ ሰባቱን ለምን እንዳወጣሽ በራስሽ አፍ ትናገሪያለሽ። እኔ አልናገርልሽም።»

«እሺ።»

«ውጤትሽ ለማለፍ ይበቃል። ከዚያ በላይ አይሆንም። ሂጂ።»

ሚሮስላቫ አልሄደችም።

«ሌላ ምን አለ?»

«ሰባ አንደኛውን ወረቀት ይስጡኝ።»

ኤሚሊያ ዛሃሪቭና ወረቀቱን ከመያዣው አላቀቁት፤ ግን አልሰጧትም። እጃቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ።

«ሠላሳ ስድስቱን ውሰጂ። ይህ እኔ ጋ ይቅር። የትም አላወጣውም። ውሸትም ቢሆን...» ዓረፍተ ነገሩን ተዉት።

«አልችልም፣ ኤሚሊያ ዛሃሪቭና።»

«የሌለች ሴት ወረቀት ለምን ይፈለጋል?»

ሚሮስላቫ አንገቷን ደፍታ እጇን እንደዘረጋች ቆመች። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። የምትለው ሁሉ ተነግሮ አልቋል። ከዚህ በላይ አንዲት ቃል ብትናገር የእናቷን ምሥጢር ነው የምትናገረው።

ኤሚሊያ ዛሃሪቭና የተዘረጋውን እጅ አዩ። ከዚያ የልጅቱን ፊት አዩ፤ ቆይተው አዩት። አንድ ነገር ሊጠይቁ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ አልጠየቁም። ወረቀቱን አነሡ፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ እንዲሆን ሁለት ላይ አጠፉት፤ እንደገና አራት ላይ አጠፉት፤ ጠርዙን በጥፍራቸው ተጭነው አስተካከሉት።

«በቦርሳሽ ያዢው» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «መንገድ ላይ ሰው እንዳያየው።»

ሚሮስላቫ ተቀበለች። ቀና ብላ ልታያቸው ግን አልቻለችም።